ካትሱኮ ሳሩሃሺ፦ የቦምቡን ዱካ በባሕር የተከተሉት ኬሚስት

እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1954 ንጋት ላይ አሜሪካ በማርሻል ደሴቶች፣ ቢኪኒ በተባለ ስፍራ የሃይድሮጂን ቦምብ ሞከረች። ፍንዳታው ከተገመተው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከተከለለው ክልል ውጭ ቱና ሲያጠምድ በነበረ የጃፓን መርከብ ላይ ነጭ አመድ ዘነበ። 23ቱም መርከበኞች በጨረር ታመሙ፤ የሬዲዮ ሠራተኛው ዓመቱ ሳያልቅ ሞተ። ሂሮሺማና ናጋሳኪ ከነደዱ ገና 9 ዓመት አልሞላምና ጃፓን በድንጋጤና በቁጣ ተናጠች። መንግሥትም ዝናቡና ባሕሩ ምን ያህል እንደተበከለ መርምሩ ብሎ በቶኪዮ የሚገኘውን የሜትሮሎጂ ምርምር ተቋም የጂኦኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ አዘዘ። ሥራውን ከተሸከሙት አንዷ ካትሱኮ ሳሩሃሺ ነበሩ።

ሳሩሃሺ በ1920 ቶኪዮ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ኢንሹራንስ ኩባንያ ተቀጥረው ነበር። በ21 ዓመታቸው ግን ደመወዙን ትተው፣ ያኔ አዲስ ወደተከፈተ የሴቶች ሳይንስ ኮሌጅ ገቡ። በ1943 ከተመረቁ በኋላ ከኬሚስቱ ያሱኦ ሚያኬ ጋር መሥራት ጀመሩ።

በ1950 ሚያኬ በባሕር ውሃ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲያጠኑ ሐሳብ አቀረቡላቸው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያወራበት ጉዳይ ያኔ ከጥቂት ባለሙያዎች በቀር ደንታ የሚሰጠው አልነበረም። ሳሩሃሺ የመለኪያ ዘዴውን ሳይቀር ራሳቸው ማበጀት ነበረባቸው። ችግሩ ጋዙ ባሕር ሲገባ እንደ ጋዝ አለመቆየቱ ነው። ከፊሉ ካርቦኒክ አሲድ፣ አብዛኛው ባይካርቦኔት፣ የቀረው ካርቦኔት ይሆናል። የሦስቱ ድርሻ ደግሞ ውሃው ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ፣ ጨውነቱ ሲበዛ ወይም ሲያንስ፣ አሲድነቱ ሲለዋወጥ አብሮ ይለዋወጣል። እያንዳንዱን ናሙና ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን በእጅ ማስላት አድካሚ ነው። ሳሩሃሺ ስሌቱን አስቀድመው ሠርተው በሠንጠረዥ አሰፈሩት፤ ተመራማሪው ሙቀቱን፣ ጨውነቱንና አሲድነቱን ከለካ መልሱን ከገጹ ላይ ያነባል። በ1955 የወጣው ይህ «የሳሩሃሺ ሠንጠረዥ» ኮምፒውተር እስኪተካው ድረስ ለ30 ዓመታት ያህል የውቅያኖስ ተመራማሪዎች መሣሪያ ሆኖ ኖረ። በ1957 ከቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ሠንጠረዡ ሙያቸውን ያስመሰክራል፤ ማንነታቸውን ይበልጥ የሚያሳየው ግን የሲዚየም ክርክር ነው፤ ቢያንስ ለእኔ። ሲዚየም 137 በኑክሌር ፍንዳታ የሚፈጠር ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነው። በባሕር ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ከማነሱ የተነሳ በቀጥታ አይለካም። ብዙ ሊትር ውሃ ተቀድቶ፣ ሲዚየሙን ለቅሞ የሚይዝ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ የዘቀጠው ተጣርቶ ጨረሩ ይቆጠራል። በመካከሉ ትንሽ ከፈሰሰ ወይም ከሌላ ዕቃ ትንሽ ከነካ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከቢኪኒው ፍንዳታ በኋላ በታዘዘው ምርመራ ሳሩሃሺና ሚያኬ በጃፓን ዙሪያ ያገኙት መጠን በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ከተለካው በእጅጉ በለጠ። ምክንያቱ የባሕሩ ጅረት ነው፤ ከቢኪኒ አካባቢ የሚነሳው ውሃ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ይነጉዳል፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ታጥፎ የጃፓንን ዳርቻ ይዞ ይወጣል። ብክለቱ ሰፊው ውቅያኖስ ውስጥ ገብቶ እኩል አልሳሳም ማለት ነው። ባሕሩ ሁሉን አቅጥኖ ያጠፋዋል ለሚሉት ይህ የሚዋጥ አልነበረም። ስህተቱ ያለው ከጃፓኖቹ አለካክ ነው የሚሉ ተነሱ።

በ1962 ሳሩሃሺ ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ተጓዙ። እዚያም ለወራት የእርሳቸው ዘዴ ከአሜሪካዊው ቴዎዶር ፎልሶም ዘዴ ጋር በአንድ ዓይነት ውሃ ላይ ተፈተነ። ውጤቱ ተቀራራቢ ሆነ፤ የጃፓኑ ቁጥር ትክክል ነበር። በዓመቱ፣ በ1963፣ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ብሪታንያ በአየር፣ በሕዋና በውሃ ውስጥ የኑክሌር ሙከራ ላለማድረግ ፈረሙ። ውሉን ያመጣው የሳሩሃሺ ልኬት ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ነገር ግን ከስክሪፕሱ ፍተሻ በኋላ ቁጥራቸውን አጣጥሎ ማለፍ አስቸጋሪ ሆነ።

በ1980 ለጃፓን የሳይንስ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በዚያው ዓመት ጡረታ ሲወጡ ሴት ተመራማሪዎችን የሚያግዝ ማኅበር አቋቋሙ። ሳሩሃሺ በ2007፣ በ87 ዓመታቸው አረፉ። ማኅበራቸው በ1981 መስጠት የጀመረው፣ ዕድሜዋ 50 ያልሞላ ጃፓናዊት ሳይንቲስት የምትሸለመው የሳሩሃሺ ሽልማት ግን ከእርሳቸው ሞት በኋላም ቀጥሏል።