ዛፉ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ? አንድን ትልቅ ዛፍ እንዴት እንመረምራለን

ክረምት ሊገባ ሲል በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች አንድ ክርክር ይነሳል። በትምህርት ቤቱ ግቢ ወይም በመንገዱ ዳር አንድ ያረጀ ዛፍ አለ። አንዱ «ይወድቅና ሰው ይገድላል፣ ይቆረጥ» ይላል። ሌላው «አባቶቻችን ያቆዩት ነው፣ አይነካም» ይላል። ማን ልክ ነው? እውነቱን ለመናገር፣ ዛፉ ሳይታይ ሁለቱም አያውቁም። ዛፉን ማየት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አርቦሪካልቸር ይባላል፤ የእያንዳንዱን ዛፍ ጤና፣ ጥንካሬና አገራረዝ የሚመለከት ሙያ ነው።

«ጎጃም ውስጥ ዛፍ የማያውቅ ማን አለ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባውን ባህር ዛፍ ገበሬው አሳምሮ ያለማዋል። በአዊ በኩል ፋግታ ለኮማ ላይ ዲከረንስ ተክሎ ከሰል ማክሰል ትልቅ መተዳደሪያ ሆኗል። በየእርሻው መሐል ዋንዛና ብሳና አለ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ተጠብቆ ቆይቷል። የደን ትምህርትም ወንዶ ገነትን በመሰሉ ተቋማት ሲሰጥ ኖሯል። ግን ደን ማልማት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ከሥሩ የሚቀመጥበትን አንድ አሮጌ ዛፍ ማከም ሌላ ነው። የጎደለን ይኼኛው ነው።

ዛፍ ቁስሉን አያድንም፤ ይዘጋዋል

እጃችሁን ቢላ ቢቆርጣችሁ የተጎዳው ሥጋ ይጠገናል። ዛፍ ግን እንዲህ አያደርግም። የተጎዳውን እንጨት እዚያው ይተወውና በዙሪያው ግድግዳ ይሠራል። ይህን ለዓለም በግልጽ ያስረዳው አሜሪካዊው የደን ሳይንቲስት አሌክስ ሺጎ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ግንዶችን እየሰነጠቀ ብስባሽ ከየት ተነስቶ እስከ የት እንደሚደርስ ተከታተለ፤ በ1977 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠርም አሠራሩን አሳተመ።

ያገኘው ይህን ነው፦ ዛፉ ብስባሹ ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይሄድ ይከላከላል፤ ይሄ ግን ደካማው ግድግዳ ነው። ወደ ውስጥና ወደ ጎን እንዳይሄድም ይከላከላል። ከሁሉ የሚጠነክረው ግን ከቁስሉ በኋላ ዛፉ በላዩ የሚያበቅለው አዲስ እንጨት የሚለይበት ድንበር ነው። ለዚህ ነው መሐሉ ባዶ የሆነ ወይራ አረንጓዴ ቅጠል ለብሶ ብዙ ዘመን የሚኖረው። ሕይወቱ ያለው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋንና በውጨኛው እንጨት ላይ ነው። ስለዚህ «ውስጡ ባዶ ነው» ማለት «ሞቷል» ማለት አይደለም።

ታዲያ መቼ ነው የሚያሰጋው? ብዙ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ግምታዊ መለኪያ አለ፦ የቀረው ጤነኛ ግድግዳ ውፍረት ከግንዱ ሬዲየስ ሲሶ ገደማ በታች ከሆነ ጠንቀቅ በሉ ይላል። አንድ ምሳሌ እንሥራ። የግንዱ ዙሪያ 314 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለ3.14 ስናካፍለው ዲያሜትሩ 100፣ ሬዲየሱ 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጤነኛው ግድግዳ ከ15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ካነሰ ባለሙያ መጠራት አለበት። ይህ ግን መነሻ ብቻ ነው፤ በአንድ ጎን የተከፈተ ግንድ ሙሉ ቀለበት ካለው ይልቅ ደካማ ነው።

ከሥር ጀምራችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ

ብዙ ሰው ዛፍ ሲያይ ቀና ይላል። እናንተ ግን ከመሬት ጀምሩ።

ሥር፦ የዛፍ ሥር ቁመቱን ያህል ወደ ታች ይወርዳል የሚባለው ስህተት ነው። ውሃና ምግብ የሚስበው አብዛኛው ሥር ያለው በላይኛው ግማሽ ሜትር አካባቢ ነው፤ ወደ ጎን ግን ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይዘረጋል። ስለዚህ ለአጥር መሠረት ወይም ለውሃ ቧንቧ ከግንዱ ሥር ቦይ ሲቆፈር፣ ዛፉ በአንድ ጎን መልሕቁን ያጣል። ቅጠሉ ግን ለጊዜው አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። አፈሩንም እዩት። ዋልካ መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ይቋጥራል። አፈሩ ሲርስ ሥሩን የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ በዝናብ ላይ ንፋስ ሲጨመር ዛፍ ይገነደሳል። ዛፉ ድሮም ዘንበል ያለ ከሆነና ጫፉ ቀና ብሎ ካደገ ብዙም አያስደነግጥም። አሁን በቅርቡ ካዘነበለና ከጀርባው አፈሩ ከተሰነጠቀ ግን ራቁ፣ ሰውም አርቁ።

ግንድ፦ ከግንዱ ላይ እንደ መደርደሪያ የወጣ ወይም ከሥሩ የበቀለ የጅብ ጥላ አለ? ውስጡን ፈንገስ እየበላው ሊሆን ይችላል። በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉት። ጤነኛው እንጨት ጠጠር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ባዶው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። በግንዱ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ካለ ደግሞ ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደውን ምግብ እያነቀው ነው።

ቅርንጫፍ፦ የደረቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም ተሰብሮ የተንጠለጠለ ፈልጉ። ሁለት ግንዶች እንደ «ቪ» ተጣብቀው ሲያድጉና በመሐላቸው ቅርፊት ሲቀረቀር መጋጠሚያው ደካማ ነው።

ጫፉን መጨፍጨፍ ለምን ይጎዳል?

የፈራነውን ዛፍ ብዙ ጊዜ «እናሳጥረው» ብለን አናቱን እንቆርጣለን። ባህር ዛፍ ከጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ ሁሉም ዛፍ ይህን የሚችል ይመስለናል። ግን ልዩነት አለ። የባህር ዛፉ ቡቃያ የሚወጣው ከመሬት አጠገብ ነው፤ ሲደርስም ተቆርጦ ይሸጣል። ስምንት ሜትር ላይ በተቆረጠ ዋንዛ ላይ የሚበቅለው ቡቃያ ግን የሚጣበቀው ከላይ ከላይ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የተቆረጠው እንጨት ይበሰብሳል። ከዓመታት በኋላ ያ ቡቃያ ከባድ ቅርንጫፍ ሆኖ በበሰበሰ መሠረት ላይ ይቆማል። ዛሬ ለደኅንነት ያልነው ቆረጣ የነገ አደጋ ሆነ ማለት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሦስት ቆረጣ አለው። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከሥር ወደ ላይ እስከ ሲሶው ድረስ መጋዝ፤ ይህ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ቅርፊቱን ልጦ እንዳይወርድ ያደርጋል። ቀጥሎ ትንሽ ወደ ውጭ ራቅ ብሎ ከላይ ወደ ታች መቁረጥ። በመጨረሻም የቀረውን ጉማጅ፣ በቅርንጫፉ ሥር ካበጠው ቀለበት ወጣ አድርጎ ማስወገድ። ያ ቀለበት የዛፉ መከላከያ ግድግዳ የሚሠራበት ቦታ ስለሆነ አይነካም። ቀለም ወይም ሬንጅ መቀባትም ብስባሹን አያስቆምም።

አደጋ ማለት ዛፉ ብቻ አይደለም

በገብስ ማሳ መሐል የቆመ የበሰበሰ ዛፍ ቢወድቅ ምናልባት ማንንም አይጎዳ። ተመሳሳዩ ዛፍ የመማሪያ ክፍል አጠገብ ቢሆን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የመውደቁ ዕድል ምን ያህል ነው? ምን ላይ ይወድቃል? እዚያ ቦታ ሰው ስንት ሰዓት ይቆያል?

የሚደርስበትን ርቀት ለማወቅ ቁመቱን ለኩ። ከዓይናችሁ እስከ ጨበጣችሁት እጅ ድረስ ያለውን ርቀት የሚያህል ዱላ ያዙ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ዱላውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና፣ የዱላው ታች ከዛፉ ሥር፣ ጫፉ ከዛፉ ጫፍ ጋር እስኪገጥም ወደ ኋላ ሂዱ። መሬቱ ሜዳ ከሆነ፣ አሁን ከዛፉ ያላችሁበት ርቀት የዛፉ ቁመት ነው። ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖችን ክፍል ውስጥ ተምራችሁ የለ? ይኸው ሥራ ላይ ዋሉ። ዛፉ 20 ሜትር ከሆነ፣ በ20 ሜትር ውስጥ ያለውን ሁሉ ቁጠሩ።

ይህን ስታደርጉ ከ«ይቆረጥ» እና «አይነካም» መሐል ብዙ መልስ እንዳለ ታያላችሁ። አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ማንሳት ብቻ ሊበቃ ይችላል። ዙሪያውን ማጠር፣ ወይም በንፋስ ቀን ማንም እንዳይጠጋ ማድረግ ይቻላል። አንዳንዴ ዛፉን ከማንሳት አግዳሚ ወንበሩን ማንሳት ይቀላል። አንዳንዴ ደግሞ መልሱ በእርግጥም መቁረጥ ነው፤ ያን ጊዜ ቢያንስ ምክንያቱን እናውቃለን።

በሚያዝያና በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ ከክበባችሁ ልጆች ጋር በግቢያችሁ ላለው ለእያንዳንዱ ትልቅ ዛፍ አንድ ገጽ ያዙለት፦ ስሙ፣ የግንዱ ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ሲለካ፣ ቁመቱ፣ ያያችሁት ምልክት፣ ፎቶ። በዓመቱ ደግማችሁ ለኩና አስተያዩት። ዛፍ ላይ አትውጡ፤ መጋዝም አትያዙ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካ ዛፍ ካያችሁ ሳትጠጉ ለትልቅ ሰው ተናገሩ። የእናንተ ሥራ ማየትና መመዝገብ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ክርክሩ ሲነሳ፣ ያ ደብተር ያለው ሰው የሚናገረው ነገር ይኖረዋል።