ሐኪም «በቤት ይንከባከቧቸው» ካለ በኋላ

አዲስ አበባ፦ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ አጠገብ በሚገኘው አውቶቡስ ተራ፣ የታመመ የትዳር አጋራቸውን ደግፈው ከአውቶቡስ የሚወርዱ ሰዎችን ማየት የተለመደ ነው። ብዙዎቹ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያቀናሉ። ከፊሎቹ «በሽታው ተሰራጭቷል፤ በቤት ይንከባከቧቸው» ተብለው በመጡበት መንገድ ይመለሳሉ። በመርካቶ ጠባብ የቀበሌ ቤቶች ለሚኖሩ ጥንዶችም ዕጣው ያው ነው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አስታማሚው ባል ወይም ሚስት ይሆናል።

በሽታውን ማዳን ባይቻልም ሥቃዩን መቀነስ ይቻላል። ይህ ሕክምና የማስታገሻ ሕክምና ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ይህን ሕክምና ከሚሹት ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። በአገራችን እ.ኤ.አ በ2003 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕሙማንን በየቤታቸው እየጎበኘ ያገለግላል።

ቤተሰብን እጅግ የሚያስፈራው ሞርፊን ነው። «ሱስ ያስይዛል፣ ሞትን ያፋጥናል» በሚል ሽሮፑን ደብቀው፣ ሕመምተኛው ሲጮኽ ብቻ የሚሰጡ አሉ። በሐኪም በታዘዘው መጠን ሲወሰድ ግን ሞትን አያፋጥንም። ፈሳሹ ሞርፊን አብዛኛውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ሕመሙ እስኪመለስ አይጠበቅም። ተባይ ማሳውን ከወረረ በኋላ መድኃኒት መርጨት ምን ያህል እንደሚያለፋ አርሶ አደር ያውቃል፤ ሕመምም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ ሆድ ስለሚያደርቅ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ማለስለሻ እንዲታዘዝ መጠየቅ ይገባል። ሕመምተኛው ለመንቃት ከተቸገረ ወይም አተነፋፈሱ ከዘገየ ቀጣዩን መጠን ሳይሰጡ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል።

ከአልጋ የማይነሣ ሰው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ጎኑን ማገላበጥ፣ አንሶላውን ደረቅና ያልተጨማደደ ማድረግ ይጠቅማል። አፉ ሲደርቅ በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ ማርጠብ ነው። የካንሰር ቁስል ሽታ ካመጣ ባለሙያው የሜትሮኒዳዞል ክኒን ተፈጭቶ ቁስሉ ላይ እንዲነሰነስ ሊያዝ ይችላል። ብዙዎች ጎረቤት እንዳይገባ በር የሚዘጉት በዚህ ሽታ ኀፍረት ነውና ሳይሸሽጉ መናገር ይበጃል። ምግብ አልወስድ ሲል ማስገደድ ትንታ ያስከትላል፤ ጥቂት ጉርሻ በቂ ነው።

አስታማሚዋ ጉሊት ውላ የምትገባ ከሆነ ሌሊቱን ብቻዋን ልትችለው አትችልም። እድር የሚደርሰው ከቀብር በኋላ መሆኑ፣ በዚህ ጸሐፊ እይታ፣ ዘግይቶ መድረስ ነው። በኤችአይቪ ዘመን አንዳንድ እድሮች ሕሙማንን በየቤታቸው ሲደግፉ ታይቷልና ዛሬም ተራ ገብቶ ማስታመምን መጠየቅ ነውር አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋንም ወደ ቤት መጥራት ይቻላል።

ወደ ክልል የሚመለሱ ቤተሰቦች አውቶቡስ ከመሳፈራቸው በፊት የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት በጽሑፍ ይቀበሉ። ሞርፊን ያለ ልዩ ማዘዣ አይሰጥም፤ በየጤና ጣቢያውም አይገኝም። ስለዚህ ሽሮፑ ሲያልቅ በአቅራቢያቸው የትኛው ሆስፒታል እንደሚተካላቸው እዚያው ሐኪሙ ፊት ይጠይቁ።