ኮምፒውተር የሚያፋጥነው የተጻፈለትን ነው

“የመረጃ ሥርዓት” ሲባል ለብዙ ነጋዴ ቶሎ የሚታየው ኮምፒውተር ነው። ዋናው ጉዳይ ግን ማን፣ ምን፣ መቼ ይመዘግባል፤ መዝገቡስ ለማን ይደርሳል የሚለው ነው። ለዚህ የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ያህል ቅርብ ምሳሌ አይገኝም።

ምርት ገበያው እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ከመጀመሩ በፊት አብዛኛው የእህል ግብይት የሚካሄደው በትውውቅ ነበር። ገዢው እህሉን በዓይኑ ካላየ፣ ሻጩም ገንዘቡን በእጁ ካልያዘ አይተማመኑም። የየገበያውን ዋጋ አበጥሮ የሚያውቀው ደግሞ (ደላሎች አይቀየሙንና) ደላላው ነበር።

ይህን አሠራር የለወጡት ሦስት መዝገቦች ናቸው። አንደኛ፣ ምርቱ መጋዘን ሲገባ ናሙና ተወስዶ ደረጃ ይወጣለታል፣ ይመዘናል፣ ደረሰኝም ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲያ እጅ የሚለውጠው ጆንያው ሳይሆን ደረሰኙ ነው። ሁለተኛ፣ ምርቱ የተሸጠበት ዋጋ በይፋ ይገለጻል። ሦስተኛ፣ ክፍያው ከገዢው የባንክ ሒሳብ ወጥቶ በማግሥቱ ለሻጩ ገቢ ይሆናል። ገንዘቡ በማግሥቱ የገባለት ነጋዴ ያንኑ ካፒታል ደጋግሞ ያዞረዋል፤ ትርፉም ያለው እዚያ ላይ ነው። መዳፍ በማጋጨት ይካሄድ የነበረው ግብይትም በ2015 ወደ ኤሌክትሮኒክ መገበያያ መሸጋገር ጀመረ።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ያልተመዘገበለትን አያውቅም። ቡና መጋዘን ሲገባ አካባቢውና ደረጃው ይያዝ ነበር፤ የማሳውና የገበሬው ስም ግን በመንገድ ቀረ። የውጭ አገር የልዩ ቡና ገዢዎች ደግሞ ዋጋ ጨምረው የሚከፍሉት ለዚያው ስም ነው። ቅሬታው ለዓመታት ሲሰማ ቆይቶ፣ በ2017 የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ከምርት ገበያው ውጭ በቀጥታ ትስስር ለመሸጥ ያለውን መንገድ አሰፋው።

ለመደብርዎ ወይም ለመጋዘንዎ ሥርዓት ለመግዛት ካሰቡ ሦስት ነገሮችን አስቀድመው ይጠይቁ። ሥራው የሚቆመው የትኛው ወረቀት ላይ ነው? የመጀመሪያውን መዝገብ የሚጽፈው ማን ነው? ደንበኛዎ ነገ የሚጠይቅዎ ነገር ዛሬ እየተመዘገበ ነውን? መጋዘን ላይ በስህተት የተጻፈ ሚዛን በኮምፒውተር ሲያልፍ አይታረምም፤ ስህተቱ ቶሎ ይደርሳል እንጂ።