ስለማያነቡ አያቶችና ስለ ሥዕል መጻሕፍት

መጽሐፈ ኩፋሌ «ዐዘቅተ መሐላ» እያለ በሚጠራት በዚህች በቤር ሸቫ ከተማ፣ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ስሠራ ከሚያጋጥሙኝ ጉዳዮች አብዛኛዎቹ ማታ ቤቴ ስገባ የሚረሱ ናቸው፤ አንዱ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በአንድ እጃቸው የልጅ ልጃቸውን፣ በሌላው ከረጢት ይዘው መጡና ገጻቸው ያልተገለጠ አራት የልጆች መጻሕፍት ከፊቴ ደረደሩ። «ልጄ፣ እነዚህን ከጋን (ከመዋዕለ ሕፃናት) ሰጥተውት ነው፤ እኛ ቤት የሚያነባቸው የለምና ለሚያነብ ስጡልኝ» አሉኝ። «እማማ፣ እነዚህ እኮ ስጦታ ናቸው፤ የልጁ ናቸው እንጂ የሚመለሱ አይደሉም» ብላቸው፣ «እሱ ገና ፊደል አልቈጠረም፤ እናቱ ማታ ማታ ሥራ ናት፤ እኔም ከኢቭሪት (ከዕብራይስጥ) የማውቀው ሻሎምና ቶዳ ነው፤ መጽሐፍ እንዲህ ባለ ቤት ተዘግቶ ቢቀመጥ ነውር አይሆንም?» ሲሉ መለሱልኝ።

መጻሕፍቱ «ሲፍሪያት ፒጃማ» የሚባለው ዕደላ ነበሩ፤ ይኸውም ከ2009 ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ) የሃሮልድ ግሪንስፑን ፋውንዴሽን ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ሆኖ በመዋዕለ ሕፃናት ላሉ ልጆች በነጻ የሚሰጠው፣ ልጁም ወደ መኝታው ሲሄድ ከቤተ ሰቡ አንዱ አብሮት እንዲያነብ የታሰበ ነው።

እኒያን እናት የምወቅሳቸው አይደሉምና የዚያን ቀን ነገር እዚህ ላይ ልተወው። የሚያስቸግረኝ ይህን ቃል ከእሳቸው ብቻ የምሰማው ባለመሆኑ ነው። እዚሁ አገር ተወልደው፣ በሠራዊቱ አገልግለው፣ ከዩኒቨርሲቲም ተመርቀው ዛሬ ራሳቸው ወላጆች የሆኑ ወጣቶች «እናቴ ከልጁ ጋር ትውላለች፤ ነገር ግን ማንበብ ስለማትችል መጽሐፍ የሚያሳየው የለም» ይሉኛል፤ አንዳንድ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዎችም፣ በቅን ልቡና ቢሆንም፣ «ቤት ውስጥ ዕብራይስጥ ብቻ አናግሩት» ብለው ይመክራሉ፤ ከሙያ ባልደረቦቼም መካከል አያት ከልጅ ጋር ሲመጡ ለልጁ መጽሐፍ፣ ለአያቲቱ ወንበር ከመስጠት የማያልፉ አሉ። ከዚህ ሁሉ ሥር ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ መጽሐፍ ፊደሉን ለሚያውቅ ሰው ብቻ የተሰጠ ሀብት ነው፣ ፊደሉን የማያውቅ ሰው አጠገቡ ቢቀመጥ ከኀፍረት በቀር የሚያተርፈው የለም የሚል። ይህን ስሕተት ሳርም መዋል ከሰለቸኝ ቈይቷል፤ ቢሆንም ዝም ብል ስሕተቱ እውነት መስሎ ይቀመጣልና ደግሜ እጽፈዋለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ይህ ሐሳብ ከእኛ ከቤተ እስራኤል ልጆች አፍ መውጣቱ ነው። አባቶቻችን በጎንደርና በስሜን ሳሉ ኦሪት የሚነበብላቸው በግዕዝ ነበር፤ ግዕዝንም ከቄሶቹና ጥቂት ከተማሩት በቀር የሚሰማው አልነበረም። ይሁን እንጂ በስግድ ቀን ሕዝቡ እየጾመ ወደ አምቦበር ተራራ ሲወጣ፣ ቄሱ ቃሉን በግዕዝ ካነበቡ በኋላ ያው ቃል ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጐም ነበርና፣ ፊደል ያልቈጠረችው እናት ሰምታ ታለቅሳለች፣ ወደ ቤቷም ተመልሳ የሰማችውን ለልጆቿ ታወርሳለች። የ«ትእዛዘ ሰንበት»ን ታሪክ ከብራናው ላይ ያነበበች አያት አላጋጠመችኝም፤ ሰንበት በሰማይ እንዴት እንደ ከበረች መተረክ የማትችል አያት ግን ጥቂት ናት። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖችም በጎንደር የትርጓሜ ቤት አንዱ ንባቡን ሲያወጣ መምህሩ «አንድም» እያሉ ምሥጢሩን በአማርኛ ሲያፈሱት ኖረዋል። እንግዲህ አንዱ የሚያነብበት፣ ሌላው የሚተረጕምበት፣ ሦስተኛው የሚሰማበት ሥርዐት ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ባዕድ የሆነብን አንድ ሰው ብቻውን፣ በዝምታ፣ በዓይኑ ብቻ የሚያነበው ንባብ ነው፤ እሱንም ከሌሎች ተምረን ሳለ ብቸኛው ንባብ እሱ ነው ብለን አያቶቻችንን ከመጽሐፍ አባረርናቸው።

ደግሞም ለሕፃን ልጅ የሚበጀው ይህኛው የሁለት ሰው ንባብ መሆኑን የዘመኑ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ግሮቨር ኋይትኸርስትና ባልደረቦቹ በ1988 ባወጡት ጥናት፣ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናቸውን ሕፃናት ወላጆች ንባቡን ከመወጣት ይልቅ እየጠየቁ፣ ልጁን እያናገሩ፣ እሱ ያለውንም አስፍተው እየመለሱ ሥዕል መጽሐፍ እንዲያሳዩ ቢያስተምሯቸው፣ በአራት ሳምንት ውስጥ የልጆቹ የመናገር ችሎታ እንደ ወትሮው ከተነበበላቸው ልጆች በብዙ ወራት ቀድሞ ተገኘ። ልብ በሉ፤ ልዩነቱን ያመጣው ጥያቄው ነው። «ይህ ሰውዬ ወዴት ይሄዳል? ለምን ተቈጣ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ለማለት የዕብራይስጥ ፊደል አያስፈልግም፤ በአማርኛም በትግርኛም ይጠየቃል፤ አያቶቻችን ደግሞ በእንቆቅልሽ ያደጉ ናቸውና ጥያቄ አይቸግራቸውም።

ምን መጽሐፍ እንስጥ ለሚለኝ መጀመሪያ የማወርደው ከነጭራሹ ጽሕፈት የሌለባቸውን ነው። ዓለም አቀፉ የልጆች መጻሕፍት ማኅበር በ2012 ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ብዙ ስደተኞች ለሚደርሱባት ለጣሊያኗ ደሴት ለላምፔዱዛ ቤተ መጻሕፍት ሲያስብ፣ ከየአገሩ ቃል የሌለባቸውን መጻሕፍት መሰብሰቡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቃል በሌለበት መጽሐፍ ፊት ባለ አገሩና መጻተኛው እኩል ናቸውና። የእንግሊዛዊው ሬይመንድ ብሪግስ የ1978 መጽሐፍ፣ ሕፃን ልጅ የሠራው የበረዶ ሰው በሌሊት ሕይወት ዘርቶ ይዞት ሲበርር የሚያሳየው፣ በረዶ በማታውቀው በቤር ሸቫ ምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል፤ ከስሜን የመጡ አያት ግን ያንን ገጽ ሲያዩ በራስ ደጀን ላይ ስለሚወርደው ውርጭና በረዶ ሲናገሩ ልጁ አፉን ከፍቶ ይሰማል። የጃፓናዊው ሚትሱማሳ አኖ መንገደኛ በፈረስ ተቀምጦ መንደሩን፣ እርሻውንና ገበያውን ሲያልፍ ደግሞ አንጥረኛና ገበሬ የነበሩት አያት በየገጹ የሚያርሙትና የሚጨምሩት አያጡም።

ከዐሥር ዓመት በላይ ለሆኑት የአውስትራሊያዊውን የሾን ታንን የ2006 ሥራ እሰጣለሁ፤ ሚስቱንና ልጁን ትቶ ወደ ማያውቃት ከተማ የተሰደደ አንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ሠዓሊው በከተማይቱ ግድግዳዎች ላይ የሣላቸው ፊደሎች በዓለም ላይ የሌሉ፣ ራሱ የፈጠራቸው ናቸው፤ ስለዚህ ያንን ከተማ ማንም አንባቢ ማንበብ አይችልም። እስከ ሱዳን በእግራቸው ተጉዘው የመጡ፣ ወይም በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ከተጓጓዙት ከ14,000 በላይ ሰዎች አንዱ የሆኑ አያት ከዚህ መጽሐፍ ጋር ሲቀመጡ ማን ለማን እንደሚያነብ ገና ማየት ነው።

ዕብራይስጥ የተጻፈባቸውም ቢሆኑ የሚከለከሉ አይደሉም። የሚርያም ሮት «የአምስት ፊኛዎች ታሪክ» ከ1974 ጀምሮ በዚህ አገር ያልዞረበት ቤት ያለ አይመስለኝም፤ ፊኛዎቹ በተራ በተራ ሲፈነዱ ሥዕሉ ራሱ ነገሩን ስለሚናገር ማንም አያት ይተርከዋል። የልያ ጎልድበርግ «የሚከራይ ቤት» ግን ከዚህ ይረዝማል፤ በአንድ ሕንጻ የሚኖሩ ዶሮ፣ ኩኩ የምትባለው ወፍ፣ ድመትና ሽኮኮ ባዶ ለሆነው ፎቅ ጎረቤት ይፈልጋሉ፤ መጥተው ከሚያዩት አብዛኞቹ በአንዳቸው ላይ ነውር እያወጡ ይሄዳሉ፤ ከመካከላቸውም በነጭነቱ የሚመካው ዓሣማ ከጥቁሯ ድመት ጋር አልጎራበትም ሲል ጎረቤቶቿ አባረሩት። አያቲቱ ይህን ገጽ የምታልፈው በቶሎ አይደለም፤ ቤት ስለ ማከራየትና ስለ ጎረቤት በዚህ አገር ካየችው የምትናገረው አላት፤ ልጁም ከመጽሐፉ ደራሲ የማያገኘውን ከአያቱ ይሰማል። በዚህ ጉዳይ ላይ መምህር ነኝ የሚል ሁሉ ከእሷ በኋላ ቢናገር ይሻለዋል።

«አማርኛ ከለመደ ዕብራይስጡ ይበላሻል» የሚለውን ፍርሃት በተመለከተ፣ ካናዳዊው ሊቅ ጂም ከሚንስ በ1979 ያቀረበው ሐሳብ እስከ ዛሬ የሙያችን መሠረት ነው፤ ልጅ በአንዱ ቋንቋ የያዘው ዕውቀትና ማስተዋል ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ታሪክ መጀመሪያና መጨረሻ እንዳለው፣ ነገር በምክንያት እንደሚያያዝ በአማርኛ የተረዳ ልጅ በዕብራይስጥ ሁለተኛ መማር አያስፈልገውም፤ ቃሉን ብቻ ይጨምርበታል። በአንጻሩ ከአያቱ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ ያጣ ልጅ ዕብራይስጡ በዚያ ምክንያት ሲጠነክርለት አላየሁም።

«እንግዲያስ የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት አምጡልን» የሚሉኝ አሉ፤ ጥያቄው ትክክል ነው፣ መደርደሪያችን ግን ድኻ ነው፤ ድህነቱም የእኛ ብቻ አይደለም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ፈልገው ቢያጡ፣ ራሳቸው «ቂሉ ማሞ»ን በሁለት ቋንቋ አዘጋጁ፤ ቀጥለውም ወደ አገራቸው ተመልሰው በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በአዋሳም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው እስኪነሣ ድረስ ግን ልጁ ያድጋል። ስለዚህ የአማርኛ መጽሐፍ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ያለውን መጽሐፍ በአማርኛ ተርኩለት እላለሁ።

በቤተ መጻሕፍታችን በየዓመቱ ስግድ ሲደርስ፣ በተለይ ክኔሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) በ2008 በዓሉን ብሔራዊ በዓል ካደረገው ወዲህ፣ ስልኩ አያርፍም፤ ቡና የምታፈላ እናት፣ ዳቦ፣ ጥልፍ ቀሚስ ይፈለጋል። ቡናው ይጣፍጥ፤ እኔ አልቃወምም። ነገር ግን ስግድ በሚውልበት በሔሽቫን ወር ለቡና የተጠራችው እናት በሌላው ወር ለትረካ የማትጠራበት ምክንያት ምንድር ነው? የልጆች የትረካ ሰዓት ለማዘጋጀት የሚቀመጡ ባልደረቦቼ ሁሉ፣ በተራው የሥራ ቀን፣ አንዲት አያት ሥዕል መጽሐፍ ከፍታ በአማርኛ የምትተርክበትን ጊዜ በሠሌዳቸው ላይ እንዲያኖሩ እለምናለሁ፤ ዕብራይስጥ ብቻ የሚሰሙት ልጆች ሥዕሉን እያዩ ይከተላሉ፤ የማይገባቸውንም አማርኛ የሚያውቁት ጓደኞቻቸው ይነግሯቸዋል።

ወላጆችንም የምለምነው ልጃቸውን በር ላይ አድርሰው እንዳይመለሱ ነው። ከ1975ቱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ ወዲህ ቤቱ የሁሉ ሰው ነው፤ ሲገባም ማንበብ ትችላለህ ወይ ተብሎ የሚጠየቅ የለም። አያቲቱንም ይዛችሁ ግቡ፤ ጽሕፈት የሌለባቸው መጻሕፍት የት እንዳሉ ጠይቁን፤ እናሳያችኋለን።