ከካርታው ጀርባ ያለው መዝገብ

የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ በየቤቱ የተከበረ ወረቀት ነው። በፕላስቲክ ይለበጣል፣ ከጋብቻ ወረቀትና ከልጆች የልደት ሰርተፍኬት ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። ብዙ ባለቤት ግን ከተቀበለበት ቀን ወዲህ አንብቦት አያውቅም። ቤት ሲሸጥ፣ ባንክ ሲያበድር፣ ፍርድ ቤት ክርክር ሲሰማ ያ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ መሬት ጽሕፈት ቤት ከተቀመጠው ፋይል ጋር ይመሳከራል። ሁለቱ ካልተስማሙ ጣጣው የባለቤቱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 ካርታ የያዘ ሰው የቤቱ ባለቤት ነው ተብሎ እንደሚገመት ይደነግጋል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 1196 ደግሞ ይህ ግምት በማስረጃ ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል።

እስቲ ካርታዎን አውጥተው ይዩት። የባለይዞታው ስም፣ ክፍለ ከተማው፣ ወረዳው፣ የቤት ቁጥሩ፣ የካርታ ቁጥሩ፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትርና የተፈቀደው አገልግሎት ተጽፎበታል። መሐል ላይ የግቢው ቅርጽ ተሥሏል፣ አዋሳኞቹም ተመልክተዋል። ከጎኑ ብዙ ሰው የሚዘለው የቁጥር ሰንጠረዥ አለ፤ ኤክስ እና ዋይ የሚባለው ነው። ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ ኤክሱ ባብዛኛው በ46፣ በ47 ወይም በ48 የሚጀምር ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ነው፤ ዋዩ ደግሞ 1 ሚሊዮን አካባቢ ይሆናል። ዋዩ የግቢዎ ጥግ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስንት ሜትር እንደሚርቅ ያሳያል፤ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለችና። ኤክሱ የሚነሣው 39 ዲግሪ ላይ ካለው የኬንትሮስ መስመር ነው። ለመስመሩ 500 ሺህ የሚል ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ከተማዋ ከመስመሩ በስተምዕራብ ስላለች ቁጥሩ ከዚያ ያንሳል። ጎረቤት አጥር ቢገፋ ወይም ጎርፍ የወሰን ድንጋይ ቢወስድ፣ ቀያሽ በእነዚህ ቁጥሮች ጥጉን መልሶ ያገኘዋል።

ከድሮ ካርታዎች ብዙዎቹ ይህ ሰንጠረዥ የላቸውም። በሜትር ተለክተው በእጅ የተሣሉ ናቸውና ዛሬ በመሣሪያ ሲለኩ ስፋቱ ከተጻፈው ይበልጣል ወይም ያንሳል። ሲበልጥ የትርፍ ይዞታ ጥያቄ ይነሣል፤ ሲያንስ ባለቤቱ ከአዋሳኙ ጋር ይካሰሳል። ይህን ልዩነት ቤት ሊሸጡ በተነሡ ሰሞን ከመስማት አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

የመዝገቡ ታሪክ ብዙ ጊዜ የተቋረጠ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ያው ሕግ ክፍሉ ወደፊት በሚወጣ ትእዛዝ እስኪታወጅ ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውል አቆየው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤትና እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ተፈቀደለት። ከዚያ ወዲህ ፋይሉ በየጊዜው ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር ኖረ። ዘመናዊ የከተማ ይዞታ ምዝገባ በአዋጅ የመጣው በ2006 በአዋጅ ቁጥር 818 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሥራውን ይዞ የተቋቋመው የመሬት ይዞታ ምዝገባና መረጃ ኤጀንሲ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰፈር ለማረጋገጥ ሥራ መመረጡ ይታወጃል፣ ባለይዞታዎች ማስረጃቸውን ይዘው እንዲቀርቡ ይጠራሉ፣ ወሰኑ አዋሳኞች ባሉበት ይለካል፣ ውጤቱም ቅሬታ ያለው እንዲያመለክት ለሕዝብ ይገለጻል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት የራሱን መለያ ኮድ ይዞ ይመዘገባል። በልኬቱ ቀን ቤት ያልተገኘ ሰው ወሰኑ ጎረቤት እንዳመለከተው ሊወሰድበት ይችላል። ውጭ አገር ያሉ ባለቤቶች በዚያ ቀን የሚቆምላቸው ሰው ሊኖራቸው የሚገባው ለዚህ ነው።

መዝገቡ የሚይዘው መብትን፣ ክልከላንና ኃላፊነትን ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው መብቱን ነው። እንደ እኔ እምነት ግን ለባለቤቱ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው የክልከላው ክፍል ነው። የባንክ መያዣና የፍርድ ቤት እግድ የሚታዩት እዚያ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3052 መሠረት የቤት መያዣ ውጤት የሚኖረው መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ ነው። የሚያስቆጨው ብድሩን እስከ መጨረሻ ሳንቲም ድረስ ከፍሎ የጨረሰው ባለቤት ነው፤ ባንኩ የሚሰጠውን የእግድ ማንሻ ደብዳቤ መሬት ጽሕፈት ቤት አስገብቶ እግዱን ካላስነሣ፣ ቤቱ መዝገብ ላይ እንደተያዘ ይቆያል። ዓመታት አልፈው ሊሸጥ ሲል ባንኩ አዲስ ደብዳቤ እንዲጽፍለት ደጅ ይጠናል። ደብዳቤውን ማድረስ ብቻም አይበቃም፤ እግዱ መነሣቱን የሚያሳይ ማስረጃ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል።

ሽያጭ ላይ ደግሞ ብዙ ገዥ መንገዱን ግማሽ ላይ ያቆመዋል። አንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል፤ ሰው ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ የሚፈርመው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ፊርማ ውሉን ያጸናል፤ ባለቤትነትን የሚያሻግረው ግን አንቀጽ 1185 እንደሚለው መዝገብ ላይ መስፈሩ ነው። ስም ዝውውር እስኪያልቅ ድረስ ፋይሉ የሚያውቀው ሻጩን ነው፤ የሻጩ አበዳሪ እግድ ቢያወጣ ቤቱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ውሉ በተፈረመ ማግሥት ግብሩን ከፍሎ ስም ማዞር ይገባል። ነባር ይዞታ፣ ማለትም በሊዝ ያልተያዘ ቦታ ላይ ያለ ቤት፣ የሚገዛ ሰው ሌላም ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ይገባል። ቤቱ የጋራ ከሆነ የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል፤ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

በገጠር ነገሩ ቀደም ብሎ ነው የተጀመረው። አማራ ክልል በ1995 ገደማ በጀመረው ምዝገባ ለአርሶ አደሩ ደብተር ተሰጠው፤ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ገባ። ብዙ ሴት በፍቺና በባል ሞት ጊዜ መሬቷን ያስከበረችው በዚህ ደብተር ነው፤ ይህ በምንም መለኪያ ትልቅ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ዙር ወሰኑን በአዋሳኞች ስም እንጂ በካርታ አልያዘውም፤ ካርታ የመጣው በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ነው።

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ሆነው አገር ቤት ቤት ላላቸው፦ ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ለእነዚህ ሥራዎች ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሥልጣኑ በግልጽ መጻፍ አለበት። መሸጥ የማይፈልጉ ከሆነ ደግሞ ፋይል የማጣራት፣ ግብር የመክፈልና በልኬት ጊዜ የመገኘት ሥልጣን ብቻ ይስጡ።

ካርታው ገና በሞቱት አባት ወይም እናት ስም ያለ ቤተሰብ ከሁሉም በላይ መቸኮል አለበት። ወራሽነቱን ፍርድ ቤት አስወስኖ ስም ማዞር ወንድምና እኅት ሳይጣሉ፣ ወሰኑን የሚያውቁ ጎረቤቶችም በሕይወት ሳሉ ቀላል ነው። ዛሬውኑ ወራሾችን ሰብስቡና ማን ፋይሉን ሄዶ እንደሚያይ ወስኑ።