የፍቺ መዝገብ ከተማ ሲቀይር፦ ከችሎቱ ጀርባ የሚወራው

ይህን የምነግርዎት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። በቤተሰብ ችሎት ኮሪደር ላይ ዕድሜ የገፋን ጠበቆች እርስ በርስ የምናወራው፣ ለባለጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ ሳንነግረው የሚቀር ጉዳይ ነው። «የፍቺው ጉዳይ ከዚህ ፍርድ ቤት ወደዚያ ይሂድልኝ» የሚል ጥያቄ ሲነሳ፣ ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ የሚፈልጉት ጊዜ ነው።

ምክንያቱን ልንገርዎት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ፍቺ እንዳይጓተት ተደርጎ የተሠራ ነው። ዳኛው ባልና ሚስቱን ለየብቻም አንድ ላይም ያነጋግራል፣ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ ይመክራል፣ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ ጊዜ ግን ከ3 ወር አያልፍም። ከዚያ ወዲያ አንደኛው ወገን «አልፈታም» ስላለ ብቻ ፍቺው አይቀርም። ቤቱንና ሱቁን በእጁ የያዘ ተጠሪ ይህን ያውቃል። ፍቺውን ማስቀረት ካልቻለ ማዘግየት ይሻል፤ ለማዘግየት ደግሞ የተመቸችው በር «ይህ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም» የምትለው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ናት።

ባለጉዳይ የሚመስለው መዝገቡ በመሸኛ ደብዳቤ ተጠቅልሎ ወደ ሌላው ፍርድ ቤት የሚላክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከልደታ ምድብ ወደ ቦሌ ምድብ ቢሆን እንዲያ ሊሆን ይችላል፤ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምድቦቹ ቢበዙም አንድ ፍርድ ቤት ነውና ነገሩ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። የሥልጣን መቃወሚያ ተቀባይነት ሲያገኝ ግን መዝገቡ ይዘጋል። በብይኑ ግርጌ «ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት የማቅረብ መብቷ የተጠበቀ ነው» የምትል መስመር ትሰፍራለች። ብዙ ሴቶች ይህችን መስመር ሰምተው ተጽናንተው ሲወጡ አይቻለሁ። ከበር ውጭ የሚጠብቃቸው አዲስ አቤቱታ፣ አዲስ የመዝገብ ቁጥር፣ አዲስ መጥሪያ፣ አዲስ ቀጠሮ ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን ቀለቡ ነው። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 82 የፍቺ ጥያቄ የቀረበለት ዳኛ ስለ ተጋቢዎቹና ስለ ልጆቹ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት አስተዳደር ወዲያውኑ ተገቢውን ትዕዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። መዝገቡ ሲዘጋ ትዕዛዙ የቆመበት መሠረት ይናዳል። አንዲት የሁለት ልጆች እናት ከባሏ ደመወዝ ላይ በየወሩ ቀለብ እንዲቆረጥ ትዕዛዝ አግኝታ ነበር። ብይኑ ተሰጥቶ ሌላ ከተማ ሄዳ አዲስ መዝገብ እስክታስከፍት ድረስ ሂሳብ ክፍሉ መቁረጡን አቆመ። ሂሳብ ሹሙን መውቀስ አይቻልም፤ በእጁ ያለው ደብዳቤ የተዘጋ መዝገብ ቁጥር የያዘ ነው። ልጆቹ ግን በእነዚያ ወራትም ይበላሉ፣ ትምህርት ቤትም ክፍያ ይጠይቃል። ባልየው ክርክሩን ሳያሸንፍ የፈለገውን አገኘ።

እንግዲህ ይህ ትግል የሚለይለት በምን ይመስልዎታል? በአድራሻ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መነሻው ተከሳሽ በሚኖርበት ወይም ለኑሮው በሚሠራበት ቦታ እንዲከሰስ ነው። ስለዚህ ተጠሪው የነዋሪነት መታወቂያ ይዞ ይቀርባል፤ ክሱ ሊቀርብ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የወጣ መታወቂያ ስናይ እኛ ጠበቆች እንተያያለን። ሕጉ የሚጠይቀው ሰውየው የት እንደሚኖር ነው፤ መታወቂያው የሚናገረው የት እንደተመዘገበ ነው። ይህን ልዩነት ለዳኛው የሚያሳየው የሥራ ቦታ ደብዳቤ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ማስረጃ፣ ጎረቤትም ጭምር ነው። እነዚህን ማስረጃዎች ከአቤቱታው ጋር አስቀድሞ ያያያዘ ሰው መቃወሚያው ሲመጣ አይደነግጥም።

ሌላው ለባለጉዳይ የማይነገር ነገር የጊዜው ጉዳይ ነው። በቦታ ምክንያት የሚነሳ መቃወሚያ በመጀመሪያው አጋጣሚ መነሳት አለበት። መልስ ሰጥቶ፣ ሽማግሌ መርጦ፣ ስለ ንብረቱ ሲከራከር ከርሞ ነገሩ ሲከፋበት «የምኖረው ደሴ ነው» የሚል ሰው ዘግይቷል፤ ሌላው ወገንም መዘግየቱን በግልጽ አንስቶ መቃወም ይገባዋል። የሥረ ነገር ሥልጣን፣ ማለትም በጉዳዩ ዓይነት የሚወሰነው፣ ግን የተለየ ነው፤ በየትኛውም ደረጃ ይነሳል፣ ዳኛውም በራሱ ሊያነሳው ይችላል። ባል በአንዱ ከተማ፣ ሚስት በሌላው ከፍተው እንደሆነ ደግሞ የሚቀድመው ቀድሞ የቀረበው ነው፤ የሬጅስትራሩ ማኅተም ላይ ያለችው ቀን ዋጋ አላት።

ክልል መሻገር ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። አዲስ አበባ ላይ ፍቺ የሚታየው በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ክልል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ባልና ሚስት በተለያዩ ክልሎች ነዋሪ ከሆኑ ደግሞ የፌዴራል ጉዳይ ነው የሚል ክርክር ይነሳል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃን ሥልጣን በውክልና ስለሚሠሩ፣ ወረዳ ከፍተው ወደ ከፍተኛ የሚላኩ ሰዎች አሉ። የሚሠራበት ሕግም ይለወጣል። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይ የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ቋንቋውም ይለወጣል፤ በአማርኛ የተጻፈ አቤቱታና ማስረጃ ኦሮሚያ ሲደርስ ወደ አፋን ኦሮሞ መተርጎም ይኖርበታል። በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ወሰን ላይ ባሉ ሰፈሮች የሚኖሩ ባለትዳሮች፣ ቤታቸው በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ ክስ ከመጻፋቸው በፊት አጣርተው ይምጡ።

ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሳልናገር አላልፍም፣ እዚህ ላይ ብዙ እህቶች ተጎድተዋልና። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የሚዳኙት ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 34 ላይ ይህንኑ ፈቃድ ይጠይቃል። አንዲት ሴት በውርስ ጉዳይ እዚያ መዳኘትን ተቃውማ እያለ የተሰጠው ውሳኔ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ ተሽሯል፤ ያ ውሳኔ ለፍቺም መንገድ ያሳያል። መጥሪያ ደርሶ ዝም ማለት ግን እንደ ፈቃድ ሊቆጠር ይችላል። አንዴ በፈቃድ ከተገባ በኋላ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት መመለስ የለም። የማይፈልግ ሰው በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀርቦ አልፈልግም ይበል፣ በጽሑፍም ያስፍር።

«ፍርድ ቤት ይቀየርልኝ» ከሚሉት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት በእርግጥ የከፋቸው በዳኛው ነው። እሱ ሌላ አቤቱታ ነው፤ ዳኛው ከችሎት እንዲነሳ በምክንያት ይጠየቃል፣ ያለ በቂ ምክንያት የጠየቀ ደግሞ ይቀጣል። ዳኛው ፊቱን ስላጠቆረ ወይም ቀለቡን ስላሳነሰ ብቻ አይነሳም፤ ለዚያ ይግባኝ አለ። አሜሪካ ወይም ሌላ አገር የተፈረደ ፍቺ ይዘው እዚህ ያለ ንብረት ለመካፈል የሚመጡትም ጉዳያቸው «ዝውውር» አይደለም፤ የውጭ ፍርድ እንዲፈጸም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያመለክታሉ፣ የዚያ አገር ፍርድ ቤት የኢትዮጵያን ፍርድ ይቀበል እንደሆነም ይጠየቃሉ።

የቤተሰብ ችሎት ዳኞችን አንድ ነገር እለምናለሁ። መቃወሚያውን ሳታሳድሩ፣ የልጆቹ ቀለብ በእጃችሁ እያለ ቶሎ በይኑበት። ሕግ አውጪውም መዝገብ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ከነጊዜያዊ ትዕዛዙ የሚሻገርበትን ድንጋጌ ይጻፍልን፤ የልጅ ቀለብ በወላጆቹ የአድራሻ ክርክር መቋረጥ የለበትም። እርስዎም መዝገብዎ ተዘግቶ ከሆነ በዚያው ዕለት መዝገብ ቤት ወርደው የብይኑንና የጊዜያዊ ትዕዛዙን የተረጋገጠ ግልባጭ ይውሰዱ፤ አዲሱን አቤቱታ ሲያስገቡም የቀለቡን ጥያቄ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያስፍሩት።