ቀይ ቆርቆሮ ስታገኙ

ልጃችሁ ከአፈር ያወጣትን፣ በመዳፍ የምትያዝ፣ ቀይ ቀለሟ የለቀቀ ቆርቆሮ ይዞ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ? «ለቆራሌው ትሸጣለች» ብላችሁ ጥግ ታስቀምጧታላችሁ?

ተጠንቀቁ! ጣሊያን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው «ሞዴል 35» የተባለ የእጅ ቦምብ ልክ እንደዚህ ነው። በሰሜን አፍሪካ የተዋጉት የእንግሊዝ ወታደሮች «ቀዩ ሰይጣን» ብለውታል። ቦምቡ መሬት ሲመታ እንዲፈነዳ የተሠራ ነው፤ ብዙው ግን ተወርውሮ ሳይፈነዳ ይቀር ነበር። እንዲህ የቀረው ኋላ ሰው ሲነካው ይፈነዳል። ጣሊያን በኛ አካባቢም እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) ተዋግቷል፤ ከዚያ ወዲህም ስንት ጦርነት አልፏል!

ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ያላችሁም አትታለሉ። መሣሪያው ሲጮህ ብረት አለ ማለቱ ነው እንጂ ማንኪያ ይሁን ቦምብ አይለይም።

ስለዚህ የማታውቁትን ብረት ምንነቱን ለማወቅ ብላችሁ አትንኩ፣ አትቆፍሩ፣ እሳት ውስጥ አትጣሉ። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ። ልጆቹን አርቁ፤ ለካምፑ ጥበቃ ወይም ለፖሊስ ቦታውን ተናገሩ። ልጅ ይዞት ከመጣም አትቆጡት፤ ቀስ ብሎ መሬት ያስቀምጠውና ሁላችሁም ራቁ።

ብረቱ ቢያረጅም ፈንጂው ላያረጅ ይችላል። የቆራሌው ሳንቲም የልጅ እጅ አይተካም።